አሞራ ገደል ቆሟል፤ አፈሩስ የት ገባ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና የተጓዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ ዘመን አካባቢ ሲደረስ መስኮት ዳር የተቀመጠው አንገቱን ያሰግጋል፤ መሃል የተቀመጠው ‹‹እስቲ ዘወር በልልኝ›› ይላል፤ ሲያንቀላፋ የመጣውም ይነቃል። ብቻውን ተነጥሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ሰማይ የተቀሰረ ግዙፍ ድንጋይ ነው። አገሬው ‹‹አሞራ ገደል›› ይለዋል። የውጭ አገር ጎብኚዎች ግን ግማሾቹ ‹‹የእግዚአብሔር ጣት››፣ ግማሾቹ ደግሞ ‹‹የሰይጣን አፍንጫ›› ብለውታል። ጉድ እኮ ነው! አንድን ድንጋይ ለእግዜርም ለሰይጣንም ማካፈል የሚቻለው ከሩቅ አይቶ ለሚያልፍ መንገደኛ ብቻ ነው። ከሥሩ የሚኖረው ባላገር ግን ያየውን ነው የጠራው፤ አሞራ የሚያርፍበት ገደል።

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት የድንጋዩን ውበት ለማወደስ አይደለም። ውበቱን ፎቶ አንሺዎች በበቂ አሳይተውናል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ድንጋይ ከዕለታት አንድ ቀን ብቻውን አልነበረም፤ ዙሪያውን የከበበው፣ ያቀፈው ነገር ነበር። ያ ሁሉ የት ሄደ? ማንስ ወሰደው? ወሳጁ ዛሬም ሥራውን እንዳላቆመ ስንቶቻችን ልብ ብለናል?

ድንጋዩ እንዴት ብቻውን ቀረ?

ነገሩ ወዲህ ነው። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ገንፍሎ በወጣ የቀለጠ ዓለት የተገነባ ነው። ዓለቱ ፈሰሰ፣ ቀዘቀዘ፤ ደግሞ ሌላው በላዩ ፈሰሰ። እንደ መሶብ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረበ። ደብረ ታቦር ላይ ሆነው አሻግረው የሚያዩት ጉና ተራራ ደግሞ ዘግይቶ፣ የዛሬ 10 ሚሊዮን ዓመት ግድም የተነሳ እሳተ ገሞራ ነው። አሞራ ገደልን የመሰሉ ድንጋዮች የእንዲህ ያሉ እሳተ ገሞራዎች ጉሮሮ ናቸው። እሳቱ ሲያበቃ ጉሮሮው ውስጥ የቀረው ዓለት በርዶ ጠነከረ። በዙሪያው የነበረውን ለስለስ ያለ አካል ግን ዝናብ፣ ነፋስ፣ ፀሐይና ውርጭ ተባብረው በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ላጡት፤ ጎርፍም ጠርጎ ወሰደው። ጉሮሮው ብቻ ቀረ።

ይህ ሥራ በአንድ ዓይነት ድንጋይ ብቻ የሚታይ አይደለም። የትግራዩ ገርዓልታ ቀያይ የአሸዋ ድንጋይ አምባዎች፣ እነዚያ አባቶቻችን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉባቸው፣ ውሃና ነፋስ የጠረቧቸው ናቸው። በእኛው በጥቁሩ ደጋ ሥርም የአሸዋ ድንጋይ አለ። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገረ ሰው ገደሉ ላይ ተደርድሮ ያየዋል፤ ከላይ ጥቁሩ ዓለት፣ ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም የአሸዋ ድንጋይ። ያን ሁሉ ገልጦ ያሳየን ዓባይ ነው። ሲያሳየን ግን በነፃ አልነበረም፤ የቆረጠውን ይዞ ሄዷል።

እንግዲህ አሞራ ገደል ማለት ምን ማለት ነው? ሊወሰድ የሚችለው ሁሉ ተወስዶ ሲያልቅ የሚቀረው ነገር ማለት ነው። ለጎብኚ ትርዒት ነው። ለገበሬ ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

‹‹የሚሄደውን ብታይ ይሻልህ ነበር››

ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ‹‹መንገዱ ሰላም ነው›› የተባለበትን ሳምንት ጠብቄ ወደዚያው አቀናሁ። ከሚኒባስ ወርጄ በእግር ወደ ድንጋዩ ሳዘግም አንድ ሽማግሌ በሬዎቻቸውን እየነዱ አገኙኝ። ከሰላምታው በኋላ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

‹‹አንተ ልጅ፣ ይኸን ድንጋይ ልታይ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው?››

‹‹አዎ አባቴ።››

‹‹እሱማ የት ይሄዳል ብለህ ነው? ያባቴም አባት እዚያው አይቶት ነው የሞተ። የሚሄደውን ብታይ ይሻልህ ነበር›› አሉና በዱላቸው ወደ ግራ ጠቆሙኝ።

የጠቆሙኝ ቦረቦር ነው። ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆምበት ራሱ የማይታይ፣ ጠርዙ እየተናደ ወደ ማሳው የሚገባ ቦረቦር! ከወዲህ ማዶ ጤፍ፣ ከወዲያ ማዶ ጤፍ፤ መሃሉ ገደል። እርሳቸው ልጅ ሳሉ በሬ ተጠምዶ ወዲያና ወዲህ ይታረስ እንደነበር ነገሩኝ። ዛሬ ከማዶው ማሳ ለመድረስ ዞረው ነው የሚሄዱት።

‹‹ይኸን ድንጋይ ሊያይ የሚመጣው ሰው ለቀበሌው የሚከፍለው ነገር የለም?›› ስል ጠየቅኋቸው።

ሳቁ። ‹‹ለልጆቹ ብስኩት ሰጥተው ያውቃሉ›› አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ይህቺን መልስ አስቧት። አንድ አካባቢ ለአገር ምልክት የሆነ ድንጋይ ይዞ፣ ስንቱ መኪና እየቆመ ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ፣ የትርፉ ሒሳብ ሲተሳሰብ ብስኩት! እኔ በቆምኩበት በዚያ ሥፍራ ስለ ድንጋዩ የሚናገር አንድ ሰሌዳ፣ አንድ የአካባቢ ልጅ አስጎብኚ፣ ጥላ ያለው አንድ መቀመጫ እንኳ አላየሁም። ነገሩን ለመጠየቅ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ‹‹ደብዳቤ አምጣ›› ተባልኩ። ደብዳቤ ይዤ ስመለስ ‹‹ኃላፊው ስብሰባ ናቸው›› ተባልኩ። ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ስለ ቱሪዝም ልማት ነው አሉኝ! አይ አገሬ!

420 ኩንታል አፈር

አንዳንድ ሰው ‹‹ሽማግሌ ሁልጊዜ ያለፈውን ያደንቃል›› ሊል ይችላል። እንግዲያው ወደ ቁጥር እንምጣ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ስለ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች አስጠንቶ በ1978 ዓ.ም. ያወጣው ሰነድ፣ ከደጋው በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር ከቦታው እንደሚታጠብ ገምቷል። በአገራችን ለረዥም ዓመታት የአፈር መሸርሸርን ያጠኑት የስዊሱ ምሁር ሃንስ ሁርኒ ደግሞ ከታረሰ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በየዓመቱ እንደሚሄድ አስልተዋል።

42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። አንድ ሄክታር በአገሬው አራት ጥማድ ገደማ ነው። ከአራት ጥማድ መሬት 20 ኩንታል ጤፍ ያገኘ ገበሬ ‹‹ዘንድሮ ተመስገን›› ይላል። እንግዲህ ሒሳቡን አስሉት። 20 ኩንታል ጤፍ ለማስገባት 420 ኩንታል አፈር የሚያስወጣ ንግድ የት አገር ነው ያለው? መርካቶ ውስጥ እንዲህ የሚነግድ ሰው ቢገኝ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስደው ነበር።

ሌላም ስሌት አለ። 42 ቶን አፈር በአንድ ሄክታር ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ‹‹ይቺማ ምን አላት?›› ትሉ ይሆናል። በ30 ዓመት ግን ግማሽ ስንዝር ያህል ይሆናል። ገበሬ የሚያርሰው ደግሞ ያንኑ የላይኛውን ስንዝር ነው! ልብ በሉ፤ ይህ አማካይ ነው። እንደ ሊቦ ከምከምና ፋርጣ ባሉ ወረዳዎች ተዳፋት ላይ ያለ ማሳ በአማካይ አይኖርም። ያጣው አፈርም ልጁ እስኪያድግ ተመልሶ አይመጣም፤ የልጅ ልጁ እስኪሸመግልም አይመጣም። ተፈጥሮ አፈር የምትሠራው በቀንድ አውጣ እርምጃ ነው፤ ጎርፍ ግን ፈረሰኛ ነው።

ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

ከአዲስ ዘመን ወደ ወረታ ተመልሼ ወደ ደብረ ታቦር የወጣሁት ይህን ውሃ ከራሱ ለማየት ነበር። ከፎገራ ሜዳ ተነስቶ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ ትምህርት ቤት ነው። ታች ሩዝ፣ ላይ ገብስና ድንች፤ ታች ደለል፣ ላይ የተራቆተ ድንጋይ። የታችኛው ከላይኛው የተወሰደ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ጫፍ ርብና ጉማራ ይነሳሉ፤ ደጋውን እያጠቡ ፎገራን ያቋርጣሉ፤ ጣና ይገባሉ። እርሻውም በበኩሉ በየዓመቱ ወደ ጉና ጫፍ እየወጣ ነው። ለምን ቢባል፣ ታች ያለው አልበቃማ! ሰው ወደ ላይ፣ አፈር ወደ ታች፤ መንገድ ላይ ተላልፈዋል።

ፎገራ ደለሉን ሲቀበል ኖሯል፤ ሩዙም የበቀለበት ያው የጉና ስጦታ ነው። ስጦታ ሲበዛ ግን ዕዳ ይሆናል። የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ሲል ውሃው መሄጃ ያጣና ቤት ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሕዝብ ከቀዬው ያፈናቀሉትን ማን ይረሳል? ጣናም ጥልቀቱ ከሰው ግምት በታች ነው፤ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ላለ ሐይቅ ደለል ቀልድ አይደለም። ከማሳው የታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ለአረም ቀለብ ይሆናል። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭ የሰባው በምን መሰላችሁ? ስንቱ ወጣት ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ነበር፤ ነገር ግን አረሙን ከታች እየነቀሉ ቀለቡን ከላይ እየላኩለት እንዴት ይሆናል?

‹‹ታዲያ እኔ የአዲስ አበባ ሰው ምን አገባኝ?›› የሚል አይጠፋም። ያገባዋል እንጂ! ገበያ ሄዶ ጤፍ ሲጠይቅ ያገባዋል። ማታ መብራት ሲያበራ ያገባዋል፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኑን የሚያዞረው በጣና ውሃ ነው። ጠዋት ቤቱ ደጃፍ ላይ ‹‹ጋሼ፣ ሥራ አለ?›› የሚለው የደብረ ታቦርና የእስቴ ልጅ ሲያነጋግረው ያገባዋል። ያ ልጅ ከአባቱ የሚካፈለው መሬት ጠቦበት ብቻ አይደለም የመጣ። የጠበበውም ቀጥኗል። ጎርፍ አፈሩን ወደ ጣና፣ ልጁን ወደ አዲስ አበባ ላከው።

ዘመቻና ሪፖርት

መንግሥታት ይህን አያውቁም ማለት አይቻልም። በደርግ ጊዜ ገበሬው በ‹‹ምግብ ለሥራ›› እህልና ዘይት እየተሰፈረለት ተራራውን በእርከን አሰመረው። መንግሥት ሲለወጥ ብዙው እርከን ፈረሰ፤ አንዳንዱን ራሱ የሠራው ገበሬ አፈረሰው። ለምን? ‹‹የኔ ነው›› አላለውማ! ለስንዴ የሠራው ሰው ስንዴው ሲቀር ሥራው ይቀራል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ መጣ። ጥርና የካቲት በመጣ ቁጥር ሕዝብ ያለ ክፍያ ወጥቶ እርከን ሠራ፣ ክትር ከተረ። ሥራው መልካም ነው፤ ሠርተው ያዳኑትም መሬት አለ። ክፋቱ ሪፖርቱ ላይ ነው። ‹‹ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ›› ይባላል። ባለፈው ዓመት ከተሠራው ስንቱ ቆሟል? ከተተከለውስ ስንቱ ጸድቋል? ይህን የሚጠይቅ ካድሬ እስካሁን አልገጠመኝም። የተሠራው ሁሉ እንደተባለው ቢሆን ኖሮ ደቡብ ጎንደር ዛሬ እንደ ደረጃ ቤት በተደረደረ ነበር።

መሠረታዊው ነገር ሌላ ነው። እርከን ዛሬ ተሠርቶ ዛሬ አይበላም፤ ከዓመታት በኋላ የሚከፍል ሥራ ነው። ስለዚህ ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞ ካብ ከመካቡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ‹‹ያኔ ይህ መሬት የኔ ነው ወይ?›› የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ስንቱ አራሽ ‹‹ቢሮክራት›› ተብሎ ከአራት ጥማድ በላይ ያለው ተወስዶበታል። ያን ጊዜ ያባቱ እርከን ለሌላ ሰው ሲሰጥ ያየ ልጅ ዛሬ አባወራ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የይዞታ ደብተር መሰጠቱ አንድ እርምጃ ነው፤ መካድ አይገባም። ነገር ግን የደብተሩን ወረቀት የሚያስከብረው የሰጪው ቃል ነው። ቃሉ በየሥርዓቱ ከተለዋወጠ ገበሬው ካቡን ሳይሆን ፖለቲካውን ይጠብቃል።

ድንጋይ መፈንቀልማ ለደብረ ታቦር ሰው አዲስ አይደለም። ከከተማዋ አጠገብ ያለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስወረዱባት ናት። 70 ኩንታል የሚመዝነውን ያንን መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 ገደሉን እየናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ እስከ መቅደላ ጎተቱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። ይህን ያደረገ ሕዝብ ጉልበት የለውም ማን ይላል? ግን መጨረሻውን ተመልከቱ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አናት ላይ ወድቆ ይገኛል። በአንድ ሰው ትዕዛዝ ብቻ የሚጎተት ነገር፣ አዛዡ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ለእርከንም ለመድፍም ሕጉ አንድ ነው።

የሚሠራም አለ

ሁሉ ጨለማ ነው ልል አይደለም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ መንገድ ዳር ዓለም ሳጋ የሚባል ደን አለ። ስትገቡበት ንፋሱ ይለወጣል። ሥሩ ያለው አፈር ረግጣችሁ ስታዩት እንደ ጥጥ ይረግባል፤ ጎርፉም እዚያ ሲደርስ ጭምት ይሆናል። መሬት ከሰውና ከከብት ተከልሎ ፋታ ካገኘ ራሱን እንደሚጠግን ምስክር ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከዚህም ያስደስታል። ደቡብ ጎንደር ከሺህ በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉት፤ ብዙዎቹ ዙሪያቸውን በአገር በቀል ዛፍ የተከበቡ ናቸው። ከሰማይ ላይ ለሚያይ ሰው ቡናማ ጨርቅ ላይ የተጣፉ አረንጓዴ ቁልፎች ይመስላሉ። ስለነዚህ ደኖች አጥንተው የጻፉት የደን ምሁር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተመካክረው፣ ከውጭም አጋር አግኝተው፣ በአንዳንዶቹ ደብሮች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ ከየት መጣ? ከገበሬው ማሳ! አንድ ድንጋይ ከማሳ ሲለቀም እርሻው ይቀላል፤ ካብ ላይ ሲቀመጥ ከብት ወደ ደኑ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ደኑም ቡቃያ ያወጣል፣ ምንጩም ይጠራል። አንድ ድንጋይ ሦስት ሥራ ሠራ። ካቡን የሚጠብቅ ካድሬ የለም። የሚጠብቀው ‹‹የደብሬ ነው›› የሚለው ሰው ነው። የጠፋብን ቁልፍ ይኸው ነው፤ ‹‹የኔ›› ማለት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የሩቅ ምሳሌ ልጨምር። አውስትራሊያ መሃል ኡሉሩ የሚባል 348 ሜትር ከፍታ ያለው የአሸዋ ድንጋይ አለ። እንደ አሞራ ገደል ዙሪያው ተሸርሽሮ ብቻውን የቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 መንግሥት የመሬቱን ባለቤትነት አናንጉ ለሚባሉት ነባር ነዋሪዎች መለሰ። እነሱም ለብሔራዊ ፓርክነት አከራዩት፤ ከመግቢያ ክፍያው ሩቡ ለእነሱ ይደርሳል። ድንጋዩ ቅዱሳችን ነውና አትውጡበት ብለው ሲለምኑ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2019 መውጣት በሕግ ተከለከለ። ጎብኚው ግን መምጣቱን አልተወም። ይህን የምጠቅሰው ‹‹ፈረንጅ አገር ሁሉ ደግ ነው›› ለማለት አይደለም፤ አናንጉዎች መሬታቸውን ያገኙት ዘመናት ከተገፉ በኋላ ነው። ነገር ግን የድንጋይ ባለቤት ከሥሩ የሚኖረው ሰው ሊሆን እንደሚችል፣ ከብስኩት በላይም ሊደርሰው እንደሚችል ያሳያል።

ምን ይደረግ?

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፣ አሞራ ገደልን ለማየት የሚቆም ጎብኚ ክፍያ ይክፈል፤ ኢትዮጵያዊውም፣ የውጭውም፣ እንደየአቅሙ። ገንዘቡ ግን ዞን ወይም ክልል ድረስ አይጓዝ። እዚያው ቀበሌ ውስጥ፣ ሕዝቡ በመረጣቸው ሰዎች እጅ ይግባ፤ የገባውና የወጣው በየወሩ ተጽፎ በደብሩና በቀበሌው በር ይለጠፍ። ሥራውም አንድ ይሁን፤ ከድንጋዩ ሥር ያለውን ቦረቦር መክተር። አንዱን ድንጋይ የሚያደንቅ ሰው ሌሎቹን ድንጋዮች ለመካብ ቢያዋጣ ምን ይጎዳዋል?

ሁለተኛ፣ የዘመቻው ሪፖርት ይለወጥ። የዘንድሮው ሥራ ሳይቆጠር በፊት ያለፉት ሦስት ዓመታት እርከን ይቆጠር። ቆጣሪውም ሠሪው አይሁን። ‹‹አብዬን ወደ እምዬ ልክክ›› እንዳይሆን የወረዳውን ሥራ ወረዳው አይመስክርለት።

ሦስተኛ፣ ገበሬው በመሬቱ ላይ ያለው መብት በፖለቲካ ወቅት የማይነካ ይሁን። እርከን የሠራ፣ ዛፍ የተከለ ሰው ያለማው መሬት ሽግሽግ በሚሉት ቃል ከእጁ እንዳይወጣ ሕጉ ብቻ ሳይሆን ሹሙም ይመን። ያለዚያ ስለ አፈር ጥበቃ የምናወራው ሁሉ ውሃ መውቀጥ ነው።

አራተኛው ከሁሉም ይቀድማል፤ ሰላም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ገብቶ ጉና ሲደርስ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታ ሰላማዊ ሰዎች ሞተውባታል። የዚያ ቁስል ሳይደርቅ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል የተቀሰቀሰው ውጊያ የገበሬውን ክረምት የጥይት ክረምት አደረገበት፤ ጎብኚውንም ከመንገድ አስቀረው። ጦርነት ሲመጣ ክትር የሚሠራ ወጣት ይጠፋል። ጎርፍ ግን የማንንም ሰንደቅ አያይም፤ ተኩስ ቆመ አልቆመም ሰኔ ሲገባ ሥራውን ይጀምራል። ወገኖቼ፣ ለመሬት ብለን እየተዋጋን መሬቱ ሌሊት ሌሊት እየሄደብን ነው!

አንድ ቀን አሞራ ገደልም ይወድቃል። ድንጋይ ነውና አይቸኩልም፤ ግን ይወድቃል። በማልታ ባሕር ዳር በዓለም የታወቀ የድንጋይ መስኮት ነበር፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 በአንድ ማዕበል ፈርሶ ባሕር ገባ። የማልታ ሕዝብ አዘነ፤ ቢሆንም እንጀራው አልጎደለበትም። እኛ ግን ድንጋዩ ቆሞ እያለ አፈሩ ካለቀብን የሚጎድለው እንጀራችን ነው። አሞራው እንደሆነ ገደል አያጣም። ገበሬው ግን ሌላ ማሳ የለውም።

ለመሪዎቻችን ልቦና፣ ለአገራችን ሰላም ይስጥልን። ቸር ይግጠመን!